ደመና የማያግደው

የሳተላይቱ ምስል በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጣት ያህል ይወርድና ይቆማል፤ ደግሞ ይወርዳል። በኃይሉ ወንበር ቢሰጠውም አልተቀመጠም። የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ ከካርታ ሠሪዋ ከአቢግያ ኋላ ቆሟል።

እህቱ አጸደ ፎገራ ላይ፣ ከጣና ዳር፣ ሩዝ ታመርታለች። ወንዙ ሜዳውን ከዋጠው አራት ቀኑ ነው። ስልኳ አይጠራም። የጎረቤቷም አይጠራም።

ይህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ያለው ቢሮ የጎርፍ ካርታ ይሠራል፤ በኃይሉ የቢሮው ሾፌር ነው። ሰባት ዓመት ሲያመላልሳቸው ሥራቸውን ጠይቆ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ጠየቀ።

«ሳተላይቱ ዞር ብሎ ፎገራን እንዲያይልኝ ንገሪው» ነበር አቢግያን ያላት።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ታክሲ መሰለዎት እንዴ? ሳተላይት እንደ ማታቱ ሚኒባስ ነው፤ በመስመሩ ነው የሚሄደው።»

«ማታቱማ እጅ ሲያወጡለት ይቆማል።»

ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ስባ ክብ ሠራች፤ ምድር ናት አለችው። ዙሪያዋን ሦስት መንገድ አሰመረች። ሩቆቹ ከምድር ወገብ በላይ ሆነው ከምድር እኩል ስለሚዞሩ ካሉበት ንቅንቅ የማይሉ ይመስላሉ፤ ቴሌቪዥን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። በኃይሉ የናይሮቢ የዲሽ ሳህኖች ለምን ወደ ሰማይ አንጋጠው እንደሚተኙ ያን ጊዜ ገባው። መካከለኞቹ ስልኩ ላይ መንገድ የሚመሩት ናቸው። ቅርቦቹ በሰዓት ተኩል አንዴ እየዞሩ ምድርን ያያሉ።

«ከቅርቦቹም ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ ዓይን ነው፤ ደመና ካለ ብላይንድ ነው። ፎገራ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነው። ሁለተኛው ራዳር ነው። ራሱ ሞገድ ይልክና ሲመለስ ይቀበላል። ደመናም ጨለማም አያግደው።»

«ይዳስሳል በይኛ።»

እርሳሷን አቆመች። «ኤግዛክትሊ ጋሼ። ይዳስሳል።»

የሚዳስሰው ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፎገራን እንደሚያልፍ ነግራው ነበር። በዚያ ሰዓት በኃይሉ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሰሜን ዞሮ ቆመ። ምንም አላየም። የእጅ ሰዓቱን ብቻ አየና፣ አሁን እህቴ ጋ ደረሰ፣ አለ።

ምስሉ ወርዶ አለቀ። ቀለም የለውም።

«ጥቁሩ ውኃ ነው» አለች አቢግያ ቀስ ብላ። «ውኃ ሞገዱን አይመልስም። ብረት ግን ይመልሳል፤ ነጭ ሆኖ ይታያል።»

ጥቁሩ ብዙ ነው። ሜዳው የለም። መንገዱ የለም።

«የእህትዎ ቤት ጣሪያው ምንድን ነው? ሣር?»

«ቆርቆሮ። ለፋሲካ ሄጄ እኔው ነኝ የመታሁት። ሙቀቱን አልችለውም፣ ሣሩን ተውልኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር። በዚያ ጫፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ቆርቆሮ የእሷ ብቻ ነው።»

ቤተ ክርስቲያኑን አገኙት፤ ኮረብታው ላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

«ከዚያ ቁልቁል ውረጂ» አላት። «ቀኝሽን ያዢ። ቀስ በዪ። ቀስ። እዚህ ጋ ቁሚ።»

አቢግያ አጎላችው። ጥቁሩ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ነበረች። በሦስት ወገን ውኃ ነው። በአራተኛው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ፣ ግራጫ መሬት ቀርቷል።



«ጣሪያው አለ» አለች። «መውጫም አላት። ሰው ግን አያሳይም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ያን ሁሉ ደመና አልፎ፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ እሱ የመታውን ቆርቆሮ ዳስሶታል።

በኃይሉ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣቱን ወደ ነጥቧ አስጠጋ፤ አልነካትም። ለፋሲካ መዶሻ ያገኘው ጥፍሩ እስከ ግማሹ ገና ጥቁር ነው። ነጯ ነጥብ ከጎኑ ታበራለች።