ኬላውን ያለፈው ፎቶ

ኔቬና ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ኬላ ጠባቂ ናት። ኬላው አጥር የለው፣ ወታደር የለው፤ ሰው ሠራሽ ረዳቶች ስልክ ለመደወል፣ ፎቶ ለመላክ፣ ቀጠሮ ለመያዝ የሚያልፉበት ፕሮግራም ነው። አዲስ ነገር ሲጠይቁ እሷ ካልፈቀደች ንቅንቅ አይሉም።

ከረዳቶቹ አንዱ በወንድሟ በካሊን ድምፅ ይናገራል። ካሊን የካቲት ላይ ጀርመን አገር ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ ሞተ። እዚሁ ፕሎቭዲቭ ቀበረችው። እንደ ወጉም ፎቶው ያለበትን የሐዘን ወረቀት የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ ለጠፈች። ገጠር ላሉት እናታቸው ለወይዘሮ ዶንካ ግን ትንፍሽ አላለችም። ልባቸው ደካማ ነው፤ ከሰሙ አይተርፉም ብላ ፈራች።

ስለዚህ ረዳቱ ካሊን ሆኖ በየእሑዱ ይደውልላቸዋል። ኔቬና ንግግሩን በጽሑፍ ታነባለች፤ አንብባም ታለቅሳለች።

ካሊን በሞተ በአምስተኛው ሳምንት እናቱ ረዳቱን የጠየቁት አንድ ነገር ኬላው ላይ ቆመ።

“ካሊንዬ፣ ፎቶህን ላክልኝ፤ ፊት ለፊት የምታይበትን፣ ኮፍያ የሌለውን።”

“መልኬ ጠፋሽ እንዴ እማ?”

“ሰው አረጀ አትለኝም? በል ቶሎ ላክ፣ ስንዴ እየለቀምኩ ነው።”

ኔቬና ፈቀደች፤ ፎቶው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ግራ አጋቧት። “መቼ ትመጣለህ?” ሳይሉ ስልክ የማይዘጉት ሴት ጥያቄውን እርግፍ አድርገው ተዉት። በየእሑዱ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ “እህትህ ትበላለች? ትተኛለች? ብቻዋን እንዳትተዋት፣ አደራ።”

ማስታወስ እየተሳናቸው ነው፣ አለች ኔቬና በልቧ። ወንድሟን ቀብራ ሳትጨርስ እናቷም በቁማቸው ሊጠፉባት ነው።

ከቀብሩ ወዲህ መንደር አልሄደችም፤ ፊቷ መዋሸት አይችልበትም። ነሐሴ ላይ ግን የሐኪም ቀጠሮ ያዘችላቸውና ደወለች።

“እማ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።”

“እሰይ። ከስተሻል አሉ።”

“ማን አለ?”

“ወንድምሽ ነዋ፣ ሌላ ማን ይነግረኛል? ደህና ነው አይደል?”

“ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።”

“ይሁን። አንቺ ብቻ ነይ።”

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ውሸት ስትለማመድ ነበር። የእናቷ ግቢ ደርሳ በሩን ልትገፋ እጇን ዘረጋች።

በሩ ላይ ፀሐይ ያነጣው ወረቀት ተለጥፏል፤ ኬላውን ያሳለፈችው ፎቶ፣ ከሥሩ “አርባ ቀን”፣ ከግርጌው ደግሞ “እናቱና እህቱ” ይላል።