የውሰት በሽታ

ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይሰፋል። በእጁ መርፌም ክርም የለም። በር በተዘጋ ቁጥር ሰውነቱ ደንገጥ ይላል። እኔን ካላወቀኝ ሰንብቷል፤ እንደ ደንበኛ አክብሮ «ልብስዎ ለሐሙስ ይደርሳል» ይለኛል። ጤነኛ ሳለም ለሐሙስ ያለው ለሐሙስ ደርሶ አያውቅም።

ከሆስፒታሉ የፊት ለፊት ክፍል ባሏን የምታስታምመው ሴት ገብታ አልጋው ግርጌ ትቆማለች። ባሏ ዘበኛ ነው። ራሱ ያሳደገው ቡችላ ጣቱን ነከስ ቢያደርገው «የወተት ጥርስ ነው» ብሎ ስቆ ክትባቱን ተወው። ቡችላው ወዲያው ሞተ። አሁን እሱ ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ ሲያይ ደግሞ ጉሮሮው ይታነቃል።

«ተረጋጋ?» እላታለሁ።

«ለጊዜው ልቡ ተመልሷል። ‘ምን ሆኜ ነው?’ ይለኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ምን ልበለው? ያኔውኑ ተከትቦ ቢሆን ይድን ነበር ብሎኛል ሐኪሙ። ይሄን ሰምቶ ይሙት?» ባሌን ታየዋለች። «ያንቺውስ? ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ?»

«ያው ነበር።»

ሐኪሙ ያስረዳኝን እነግራታለሁ። አንጎል ውስጥ ያለ ፕሮቲን አጣጣፉ ይበላሻል፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውንም እያበላሸ ይሄዳል። ባሌን የነከሰው የለም፤ ከየት እንደመጣበትም አይታወቅም። አንዴ አንጎል ከያዙ ሁለቱም በሽታዎች አይለቁም። የሷን ባል የያዘው ግን በክትባት ደጅ ላይ ሊመለስ ይችል ነበር። የኛው ደጅም የለው።

ቢሆንም እቀናባታለሁ። ባሏ በስሟ ይጠራታል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የናንተን በሽታ አውሺኝ።»

አልገባኝም።

«ልብስ ሰፊውን የያዘው ነው የያዘህ ልበለው። የማንም ጥፋት ያልሆነው።»

ድስት አውሼ አውቃለሁ፣ ወንበር አውሼ አውቃለሁ። በሽታ ስጠየቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«ውሰጂው» እላታለሁ። «መመለስም የለብሽ።»

ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው፤ ስትነግረው እሰማለሁ። ዘበኛው ይጠይቃታል።

«ቡችላው አይደለማ?»

«አይደለም።»

«እኔም ብያለሁ እኮ። እሱ ክፋት አያውቅም።» ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ይቀጥላል። «የልብስ ሰፊው ሚስት… ብቻዋን ነው እንዴ የምታስታምመው?»

«ብቻዋን ነው።»

«በይ ሂጂ፣ አጠገቧ ሁኚ። እኔ ደህና ነኝ።»

ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። ጠጋ እልላታለሁ።