የማይቆመው ሞተር

ጎንደር ፒያሳ ያለው የምንይችል ቡና ቤት የሚታወቀው በፍሊፐሩ ነበር። ፍሊፐር የብረት ኳስ እየመቱ፣ ደወል እያስጮሁ ነጥብ የሚሰበስቡበት ባለ አራት እግር የጨዋታ ሣጥን ነው። ይህኛውን አባቱ በንጉሡ ዘመን ከአስመራ በጭነት መኪና ያስመጡት ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም። ሆዱ ሞተር፣ ቦቢናና ሽቦ ብቻ ነው።

ያንን ሆድ በጎንደር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ምንይችል ራሱና አዘዞ ላይ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓደኛው ዳኛው። ሠላሳ ዓመት አብረው ፈትተውታል፣ አብረው ገጥመውታል። የቡና ቤቱ የጓሮ በር ቁልፍም አንዱ ዳኛው ኪስ ውስጥ ይኖር ነበር።

ኅዳር ላይ ምንይችልን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዳኛው መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ፍሊፐሩን እኔ ጋ ልውሰደው እንዴ? ቆሞ ከሚበላሽ» አለው።

ምንይችል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኛው ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር በሩ አልተከፈተለትም።

ቤቱ ከገባም በኋላ ምንይችል ማንንም ማየት አልፈለገም። እንዲጨብጠው የታዘዘለትን የጎማ ኳስ በመስኮት ወረወረው። ንግግር የምታለማምደው ነርስ ስትመጣ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ሚስቱ ብርነሽ ቡና ቤቱን ብቻዋን ትከፍታለች፣ ብቻዋን ትዘጋለች።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ብርነሽ ከቡና ቤቱ ወደ መኝታ ቤት መጣች።

«ፍሊፐሩ እንቢ አለ» አለችው። «መብራቱም አይበራ።»

ምንይችል ከአልጋው ተነሣ። ከዘራውን ይዞ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ቡና ቤቱ ሄደ። ብርነሽ ክዳኑን ከፍታ ባትሪ አበራችለት።

ፊውዙ የለም። አልተቃጠለም፤ ተነቅሎ ተወስዷል።

«ማ... ማን?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለች ብርነሽ።

በግራ እጁ ሌላ ፊውዝ ሊያስገባ ሞከረ፤ ወደቀበት። ብርነሽ ልታነሣለት አልጎነበሰችም፤ ባትሪውን እንደያዘች ቆማለች። ይህም አናደደው። ራሱ አጎንብሶ አነሣና በሁለት እጁ ይዞ አስገባው።

መብራቱ በራ። ማስጀመሪያውን ተጫነ። ሞተሩ ዞረ፤ አራቱ የቁጥር ጎማዎች እየተንኳኩ ወደ ዜሮ ተመለሱ፤ ሞተሩ ቆመ፤ ኳሱ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና እንቢ አለ። አሁን መብራቱ ይበራል፤ ማስጀመሪያው ሲጫኑት ግን ዝም ይላል። ምንይችል ግማሽ ቀን ሙሉ ፈለገ። የማስጀመሪያውን ኤሌክትሪክ በሚያገናኙት ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች መሀል ስስ ወረቀት ተሸጉጦ አገኘ። በጣቱ ቆንጥሮ ለማውጣት ሃያ ጊዜ ሞከረ። ባመለጠው ቁጥር ይሳደባል።

«ሌ... ሌባ! የውሻ ልጅ!»

«ማንን ነው?»

«ዳ... ዳኛውን!»

«ምነው፣ ጓደኛህ አይደል?»

«ቁልፍ ያለው ማነው? ይህን... የሚያውቅ ማነው?»

ብርነሽ ጥቂት አሰበች። «ቁልፉስ እሱ ጋ ነው» አለች።

«ጓጉንቸሩን ቀይሪ!»

«ነገ» አለች። በነጋውም «ነገ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሰላም የዋለበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን የቦቢናው ብሎን ይላላል፤ ሌላ ቀን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ። የሚበላሸውም ነገር ከፊተኛው ይልቅ እየረቀቀ ሄደ። ምንይችል ብርነሽ እስክትቀሰቅሰው መጠበቅ ተወ። ጎህ ሲቀድ ካቻቢቴውን ጨብጦ ፍሊፐሩ ሥር ይገኛል። ብልሽቱን ሲያገኘው እየተሳደበ ይገጥማል፤ ሲገጥመው ነገ የሚሆነውን እያሰበ ይንገበገባል። የጠዋት ደንበኞች ስድቡን ከሻያቸው ጋር ለመዱት።

መጋቢት መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ብርነሽ ገበያ ብላ እንደ ወጣች ሞተሩ አልቆም አለ። አራቱም ጎማዎች ዜሮ ላይ ናቸው፤ ሞተሩ ግን ይዞራል፣ ይዞራል። ምንይችል ከአራተኛው ጎማ ኋላ ጣቱን ሰደደ። ጎማው ዜሮ መድረሱን ለሞተሩ የምትነግረው ፀጉር የምታህል ሽቦ ተፈትታ፣ ያልተፈታች መስላ ተቀምጣለች።

ያችን ሽቦ ለዳኛው ያሳየው እሱ ራሱ ነበር።

ከዘራውን ሳይዝ ወጣ። የአዘዞን ታክሲ አስቁሞ ገባ።

የዳኛው ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለች ጓዳ አለቻት። ዳኛው የተፈታ ሬዲዮ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ምንይችል ደጃፉ ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ሠላሳ ዓመት ከአንድ ሳህን በላን! እኔ ስወድቅ ማሽኔ አማረህ! እንደ ጅብ በጓሮዬ ትገባለህ! ፊውዜን ነቀልህ፤ ወረቀት ሸጎጥህ፤ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ ያሳየሁህን ሽቦ ፈታህ! ቆሞ ከሚበላሽ አልህ? ማን ነው የቆመው? እኔ አልሞትሁም! ሰማህ? አልሞትሁልህም!»

መንገደኛው ቆመ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሮጦ መጣ።

«ኧረ አያ ምንይችል፣ በስመ አብ! ሰው እየሰማዎት!»

«ይስማ! ሌባ ነው፣ ሁሉም ይስማ!» ምንይችል ቀኝ እጁን ዘረጋ። «ቁልፌን!»

ዳኛው ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ የተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖረ። ምንይችል ጨብጦ፣ «ሁለተኛ እንዳላይህ!» ብሎ ሄደ።

ዳኛው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉ «ይበለው፣ ይፈር» እያለ ተበተነ።

መጋረጃው ተገለጠና ብርነሽ ወጣች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «አያ ዳኛው፣ ነገ ደግሞ የትኛውን ሽቦ ልፍታለት?» አለች።