ማይኩ ሲከፈት የሚጠፋው መስመር

ሰዓት ሠሪው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደንበኛ አያስተናግድም። ሱቁን ይዘጋል፣ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍሉ ይገባል፣ የኮምፒውተር ጨዋታውን መሪ ጠረጴዛው ላይ ያስራል፤ ከዚያ በኢንተርኔት ከልጁ ጋር መኪና ይነዳል። አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጎረቤቱ ሰውዬው ጃጀ ቢለው ደንታም የለው።

ሚስቱ ሲለያዩ ልጅቷን ይዛ በአውቶቡስ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ገብታለች። ልጅቷ አሥራ አምስት ሞልቷታል። ስልክ ሲደውልላት «ደህና ነኝ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብላ ትዘጋለች። ስለ ጨዋታው በስልክ አንስታ አታውቅም። እናቷ አጠገቧ ቆማ ነው ይላል በሆዱ። አባት የሚሆንባት ጊዜ በሳምንት ያቺው አንድ ሰዓት ብቻ ናት።

ድሮ እየነዱ ያወሩ ነበር። ልጅቷ ከኋላ መጥታ ትገጨውና በሳቅ ትፈርሳለች፤ ሽማግሌው መንገድ ልቀቅ ትለዋለች። ከስድስት ወር ወዲህ ግን መስመሩ ተበላሸ። መኪኖቹ እንደ መንቀጥቀጥ ይላሉ፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ድርግም። ተመልሶ ሲመጣ «ኔትወርኩ ነው አባዬ፣ በጽሑፍ እናውራ» የሚል ይነበባል።

ሰዓት ሠሪ ብልሽት እያየ እንቅልፍ አይወስደውም። ደብተር ገዛና የተቋረጠበትን ደቂቃ ሁሉ መዘገበ። መጀመሪያ ጥፋቱን ከራሱ ቤት አገኘው፤ ራውተሩን የደንበኛ ሰዓት ከሚያስቀምጥበት የብረት ካዝና ጀርባ ሸጉጦት ኖሯል። አወጣው። በዋይፋይ መጫወቱን ትቶ ኬብል ሰካ። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደንበኞች ወረፋ እየጠበቁ በእሱ መስመር ፊልም ሲያዩ እንደሚውሉ ደረሰበትና የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ፀጉር አስተካካዩ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገው።

ፒንግ የሚሉት፣ ምልክቱ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከአራት መቶ ሚሊ ሰከንድ ወደ ሠላሳ ወረደ። ጨዋታው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። መቋረጡ ግን አልቀረም።

ልጅቷ ረጋ ብላ መንዳት ጀምራለች። እንደ ድሮው አትገጨውም፤ ወደ ኋላ ሲቀር መታጠፊያው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። በመሃል «በልተሃል? የግፊት መድኃኒትህንስ ወሰድክ?» ብላ ትጽፍለታለች። ልጄ በሰለች ብሎ ለፀጉር አስተካካዩ አወራ፤ በዚያውም ታረቁ። ቢሆንም ድምጿ ናፈቀው። የልጅ ድምፅ በጽሑፍ አይተካም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ በጨዋታው ሰዓት የኔትወርክ ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው ዝምተኛ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንዱን መስኮት በሰዓት ሠሪው መስመር ላይ፣ ሌላውን በጨዋታው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁለቱም ያለ እንከን ሄዱ።

«እስቲ ማይክህን ክፈትና ጥራት» አለው።

ሰዓት ሠሪው ማይኩን ከፍቶ ልጄ አለ። ጨዋታው ተቋረጠ። ሲመለስ ደግመው ሞከሩ፤ ተቋረጠ። ሦስተኛም ሞከሩ። የሰዓት ሠሪው መስመር በሦስቱም ጊዜ ንቅንቅ አላለም።

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ።

«ኔትወርክ ሲደክም እያነከሰ ነው የሚሄደው። ይሄ ግን አያነክስም፣ ቀጥ ነው የሚለው። እዚያ ቤት ኬብሉን በእጁ የሚነቅል ሰው አለ።»

«መቼ?»

«አንተ ልታናግራት ስትል።»

ሰዓት ሠሪው መሪውን ለቀቀ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለገውም። ሲለያዩ በልጅህና በአንተ መካከል አልገባም ብላ ምላ ነበር፤ እሱም አምኗት ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ንብረቱን ብትወስድበት ባልከፋው። የልጁን ድምፅ ከጆሮው መንቀሏ ግን አንጀቱን አሳረረው። ስድስት ወር ሙሉ የገዛ ካዝናውንና ምስኪኑን ፀጉር አስተካካይ ሲወነጅል መክረሙ ደግሞ አናደደው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሱቁን ቁልፍ ለባለሙያው ሰጠው። አሥር ሰዓት ሲሆን በእሱ ቦታ ተቀምጦ እንዲነዳ ለመነው፤ ሴትዮዋ መምጣቱን እንዳትጠረጥር። ባለሙያው በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም፣ የጨዋታም ቢሆን። እሺ አለ።

ሰዓት ሠሪው በአውቶቡሱ አራቱንም ሰዓት የሚናገረውን ሲስል ሄደ። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ልጅቷ እየሰማች ሊነግራት ነው። እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ራሷ ትፍረድ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። በሩ አልተቆለፈም። አንኳኳ፣ መልስ የለም። ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም፣ ማድ ቤቱም ባዶ ነው። ከውስጠኛው ክፍል ግን የመኪና ሞተር ድምፅ ይሰማል።

በእግሩ ጣት እየረገጠ ተጠጋ። ከጠረጴዛው ፊት ማዳመጫ አጥልቃ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የእሱ መኪና ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ገደል ገብታለች፤ ባለሙያው የተቻለውን አድርጓል። ሌላኛዋ መኪና ከገደሉ አፍ ቆማ ትጠብቃለች። ከሥር «አይዞህ አባዬ፣ ቀስ በል» የሚል እየተጻፈ ነው።

የሳለው ንግግር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። እንባው መጣ። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አነሳላት።

«ልጄ፣ መጣሁልሽ» አላት። «እናትሽ የት ናት?»

የዞረችው እናትየዋ ነበረች።