ሰሌዳው ላይ ያለው ዐሥር

ከአንድ በላይ አሮጌ የብረት ዕቃ በቤት ማስቀመጥ ከተከለከለ ወዲህ፣ አስካለ የእናቷን የስፌት መኪና ለብረት አቅላጮች አስረክባ ቦታውን ለባሏ የቤንዚን ፓምፕ ለቃለች። «አባቴ ማደያ ሲሠራ ነዳጅ የቀዳበት ነው» ብሎ ለምኗት ነበር።

ባሏ ደምሰው የአሮጌ ፓምፖችን ዕድሜ ከሰሌዳቸው አንብቦ የሚናገር ሰው ነው። «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የተሠራበት ዓመት ናቸው» ያላትን ይዛ፣ ዛሬ እሱ ሲወጣ ጠብቃ ሰሌዳውን ወለወለችው። ዐሥር ይላል።

አባቱ የሞቱት በሁለት ሺህ አምስት ነው። በሁለት ሺህ ዐሥር እዚያ ማደያ ነዳጅ ትቀዳ የነበረችው ሰናይት ናት፤ የመጀመሪያ ፍቅሩ። ለካ በየማለዳው እንደዚያ የሚያሻሸው የእሷ እጅ የነካውን ኖሯል። አስካለ አቅላጮቹን ጠርታ ፓምፑን አስጫነችው።

ደምሰው ለምሳ ሲመለስ ባዶው ቦታ ፊት ቆሞ ቀረ።

«የእናቴን መኪና ያስወጣኸው ለሰናይት ኖሯል» አለችው። «ዐሥር ይላል፤ አንብቤዋለሁ።»

«የፈረንጅ ዓመት እኮ ነው፣ አስካልዬ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስምንት ቀንሺለት።»

አስካለ በጣቷ ቀነሰች። ሁለት ሺህ ሁለት፤ አባቱ በሕይወት ነበሩ። ወለሉ ላይ የፓምፑ አሻራና የስፌት መኪናው እግሮች ምልክት ተደራርበው ይታያሉ።