ቀይዋ ነጥብ

አሥር ዓመት ሙሉ ክረምቱ ሲወጣ ከሚስቱ ጋር ወደ ቦንጋ ጫካ ይመጣ ነበር። እሱ ወንዙ ዳር ከክብሪት እንጨት የምትቀጥነውን ሰማያዊ በራሪ ነፍሳት በመረብ ይይዛል፤ ሚስቱ ክንፏ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋ ትለቃታለች። ነጥብ ያለባትን ዳግም ሲያዩ ስንት ቀን እንደኖረች ደብተር ላይ ይመዘግባሉ።

ዘንድሮ ብቻውን መጣ፤ ሚስቱ በሚያዝያ ሞታለች። የጥፍር ቀለሟ አምና እንደተወችው የጫካው ጠባቂ የአቶ አዴሎ ጎጆ ውስጥ አለ። መረቡን ከሻንጣው አላወጣም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀይ ነጥብ ሲፈልግ ይውላል። በራሪዋ ከጥቂት ሳምንት በላይ እንደማትኖር ግን ከማንም በላይ ያውቃል።

ማታ ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ አቶ አዴሎ፣ “ዛሬስ አገኟት?” ይሉታል።

“የለችም” ይልና እራቱን ሳይጨርስ ይተኛል።

በሰባተኛው ቀን አንዲት በራሪ አጠገቡ ካለ ቅጠል ላይ አረፈች። ክንፏ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ነጥቡ ትልቅ ነው፤ የክንፏን ግማሽ ሸፍኖታል። እስክትበር ድረስ አያት።

ማታ አቶ አዴሎ እጁን ሊያስታጥቡት ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

“ዛሬስ አገኟት?”

የአውራ ጣታቸውን ጥፍር እስከ ሥጋው ድረስ ቀይ ቀለም ነክቶታል።

“አገኘኋት” አለና እጁን ዘረጋ።