የጄኖቫው የስለት ጥላ

ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው።

አቶ ባይለየኝ፣ ልጃቸው ስመኝ በሰላም ከተገላገለች፣ በወለደችበት ከተማ ላለ ቤተ ክርስቲያን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ሊያስገቡ ተስለው ነበር። ወለደች። እሳቸውም ጥላውን ታቅፈው ከጎንደር ተነሥተው ጣሊያን፣ ልጃቸው ወደምትኖርበት የወደብ ከተማ ጄኖቫ ገቡ። ስመኝ ለመርከብ የሚያበራውን ማማ፣ የጥንት ነጋዴዎችን ቤተ መንግሥት አዙራ አሳየቻቸው።

«ቤተ ክርስቲያኑስ?» ይላሉ በየመንገዱ።

«ይደረስበታል፣ አባባ።»

የመመለሻቸው ዋዜማ ሆነ። ስለቴን በልቼ ብሄድ የልጅ ልጄ ምን ይውጠዋል ብለው ብቻቸውን ወጡ። ከወደቡ ፊት ለፊት ዓምዱ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ሥዕል የሆነ ትልቅ ሕንፃ አገኙ። በደጃፉ የወርቅ ቁልፍ የተደረደረበት ካባ የለበሰ ካህን ቆሟል። ጫማቸውን አወለቁ፣ ደጁን ተሳለሙ፣ ጥላውን አስረከቡ። ካህኑ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። እልል የሚል ስለጠፋ ራሳቸው እልል አሉ።

በማግሥቱ ከስመኝ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄዱ ዝናቡ ይወርዳል። ታክሲው በዚያ ደጅ ሲያልፍ ካህኑ ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላ ዘርግቶ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ባልና ሚስት ከመኪና አውርዶ ወደ ውስጥ ያስገባል።

«አባባ፣ የሆቴሉ በረኛ የያዘው የኛ ጥላ አይደለም?» አለች ስመኝ።

አቶ ባይለየኝ አማተቡ።

«ዝም በይ። አንዴ የገባ ስለት አይጠየቅም።»

ሁሉም እንዳልኳችሁ ነው። ዝናቡን ብቻ፣ ጥላቸው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ለሽማግሌው አዝኜ እኔ ነኝ ያዘነብኩት።